ቀድሞ የሚነግረኝ መንጋጋዬ ነው

ሰሞኑን ሰውነቴን እየተከታተልኩ ነው። ጭንቀት ሲመጣ ቀድሞ የሚነግረኝ መንጋጋዬ ነው፤ ጥርሴን ግጥም አድርጌ ነክሼ አገኘዋለሁ። ከዚያ ትከሻዬ ይወጠራል፣ እጄ ይቀዘቅዛል፣ ምሳ አልወርድ ይለኛል። "ተጨንቄያለሁ" የሚለው ሀሳብ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ባለፈው አከራያችን "ማታ ላነጋግራችሁ" ብለው ላኩብን። ኪራይ ሊጨምሩ ይሁን የውሃ ሂሳብ ሊጠይቁ ገና አላወቅኩም፤ ልቤ ግን ጅብ እንዳየ ሰው ይደልቃል። አንጎል አደጋ ሲሸተው ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃሉ፣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይሄዳል። ለሩጫ የሚሆን ዝግጅት ነው፤ በዚያ ሁኔታ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይከብዳል።

"ተረጋጊ" የሚሉኝ ሰዎች ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ልብ በትእዛዝ አይበርድም። በእጃችን ያለው ትንፋሽ ነው። አየር ስንስብ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይዘገያል፣ ይህንንም በአብዛኛው የሚያደርገው ቬገስ የሚባለው፣ ከአንጎል ግንድ ተነስቶ በአንገት በኩል ወደ ልብና ወደ ሆድ የሚወርደው ነርቭ ነው። ኦቶ ሎዊ የሚባል ሳይንቲስት በ1921 እ.ኤ.አ. የእንቁራሪት ልብ ላይ ይህን ነርቭ ሲያነቃቃ ልቡ ዘገየ፤ ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ወደ ሌላ ልብ ሲያዛውር ያኛውም ዘገየ፤ ልብን የሚያዘገየው ነርቩ የሚለቀው ኬሚካል ነበር ማለት ነው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ መረጋጋትን ለአንዳንድ ሰው ብቻ የተሰጠ ጠባይ አድርጌ ማየት ትቻለሁ።

እናም እስከ 4 እየቆጠርኩ በአፍንጫዬ እስባለሁ፣ እስከ 6 ወይም 8 እየቆጠርኩ ቀስ ብዬ አስወጣለሁ። ብዙ ሰው "በጥልቀት ተንፍስ" ሲባል ቶሎ ቶሎ አየር ይስባል፣ ያ እንዲያውም ራስ ያዞራል። ቁምነገሩ ማስወጣቱ ላይ ነው። ያን ዕለት ማታም ከመግባታችን በፊት በረንዳ ላይ ቆሜ እንዲሁ አደረግኩ። ኪራዩ መጨመሩ አልቀረም፣ ግን ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቅኳቸው፣ እስከዚያ በድሮው ዋጋ እንድንቆይም ተስማማን።

ትንፋሽ ኪራይ አይከፍልም፤ ኑሮ ውድነትን እንደሌለ ቆጥሮ "ዝም ብለሽ ተንፍሺ" የሚል ምክር ያናድደኛል።

ሌላው የምጠነቀቅበት ቡና ነው። ከሰዓት በኋላ አቦልና ቶና እጠጣለሁ፣ በረካውን ግን ትቻለሁ፤ ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ፣ ካፌይን፣ ግማሽ ያህሉ ከተጠጣ ከ5 ሰዓታት ገደማ በኋላም ሰውነት ውስጥ ይቆያል። እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ ወይም ልብ ያለምክንያት ከደለቀ ግን ሐኪም ጋ ነው መሄድ፤ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ችግርና ደም ማነስም ልብ ያስደልቃሉ።