መሥሪያ ቤት የሌላቸው ሚኒስትር

ሜሪ ኤለን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በጥር 1918 በቫንኩቨር በተካሄደ የማሟያ ምርጫ በግል ተወዳድረው የካናዳዋ ክፍለ ግዛት የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆኑ። በክፍለ ግዛቱ ሴቶች የመምረጥ መብት ካገኙ ገና አንድ ዓመት አልሞላም ነበር። በዚያው ዓመት የታገሉለት የሴቶች ዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ጸደቀ፤ ደመወዙን በየሥራ ዘርፉ የሚወስን ቦርድም ተቋቋመ። ቀዳዳው ግን ሰፊ ነበር፦ የቤት ሠራተኞችንና ፍሬ ለቃሚዎችን አይጨምርም ነበር።

በ1921 ሚኒስትር ሲሆኑ በብሪታንያ ግዛት ሁሉ ቀዳሚዋ ነበሩ። ክብሩ ትልቅ፣ ሹመቱ ባዶ! የሚመሩት መሥሪያ ቤት፣ የሚያዙት በጀት አልነበራቸውም፤ ካቢኔው የወሰነውን ግን በአደባባይ መቃወም አይችሉም። ተጠያቂነት ያለ ሥልጣን መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ለቀቁ፤ የምክር ቤት ወንበራቸውን ግን እስከ 1928 አልለቀቁም።