«እስክነግርህ ድረስ»፦ ኅዳርን ጎንደር ቁስቋም

ጎንደር የሄድኩት ለኅዳር 6 ነው፣ ለቁስቋም ማርያም። ብዙ ሰው ጎንደርን የሚያውቃት በጥምቀት ነው፣ ፋሲል መዋኛው በሰው ጢም ብሎ። እኔን ግን የጽጌ ጾም ሲያልቅ እንድሄድ ያደረጉኝ የንስሐ አባቴ ናቸው፣ «ቁስቋምን ተሳልመሽ ነይ» አሉኝ በቃ፣ ለምን እንደሆነ ምንም አልነገሩኝም።

ባለቤቴ ውጭ ነው ያለው፣ ወደሱ የምሄድበት የቪዛ ፕሮሰስ ደግሞ ኤምባሲ ቆሞ ቀርቷል። ኢሜይል በላክን ቁጥር የሚመጣው መልስ አንድ ነው፣ ጠብቁ። መጠበቁ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር፣ የከበደኝ የጸሎቴ መድረቅ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት እዘምራለሁ፣ አጠገቤ ያለው ሰው እያለቀሰ እኔ ውስጥ ምንም የለም፣ ዳዊት እደግማለሁ ገጹ ያልቃል ግን ምን እንዳልኩ አላውቀውም። ሰማዩ ናስ ሆነብኝ። ከልቤ የምትወጣው አንዷ መስመር ብቻ ነበረች፣ «አቤቱ፣ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ» የምትለዋ።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰአት ገደማ ነው፣ አዘዞ ታርፋላችሁ ከዛ በመኪና ወደ ከተማው። ፒያሳ ሻንጣዬን አስቀምጬ ግቢውን ዞር ዞር ብዬ አየሁት፣ የአጼ ፋሲል ግንብ ስለራሱ ይናገራል፣ እኔ ልጨምርበት የምችለው የለም።

ደብረ ብርሃን ስላሴ ግን ቆየሁ። ጣሪያው ሙሉ የመላእክት ፊት ነው፣ አይናቸው ትልልቅ፣ የትም ብትቆሙ የሚያያችሁ አታጡም። ያስጎበኘን ልጅ የንቡን ታሪክ ነገረን፣ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ (የሱዳን መሐዲስት ጦር) ጎንደርን ሲያቃጥል ስላሴ የተረፈው ንብ ወጥቶ አባሯቸው ነው ይባላል። አብረውኝ ያሉት ሰዎች ፊታቸው በራ፣ እልል ያሉም ነበሩ። ታሪኩን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ፣ ያን ቀን ግን ውስጤ ሌላ ጥያቄ ተነሳ፣ ንብ ያልወጣላቸውስ? አብዛኞቹ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት እኮ በዛ ጊዜ ተቃጥለዋል፣ ቁስቋምም ከነሱ አንዷ ናት። እዛም ካህናት ነበሩ፣ እዛም ይጸለይ ነበር። ጥያቄውን ለማንም ሳልናገር ይዤው ወጣሁ።

ቁስቋም ከከተማው ወጣ ብሎ ተራራው ጥግ ላይ ነው፣ ባጃጁ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣልኝ። ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሰራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት፣ ቤተ መንግስቷም እዛው ነበር፣ አሁን የቆመው ግድግዳው ነው፣ ጣሪያ የለውም። አፅሟ ከልጇ ከኢያሱና ከልጅ ልጇ ከኢዮአስ አፅም ጋር እዛው ተቀምጧል። ሁለቱም ከሷ ቀድመው ነው የሞቱት። ያን ሁሉ ስልጣን ይዛ ልጇንም የልጅ ልጇንም የቀበረች እናት፣ እዚህ ቁጭ ብላ ስትጸልይ ምን ብላ ይሆን እያልኩ ፍርስራሹ አጠገብ ብዙ ቆየሁ።

ቦታው ስሙን ያገኘው ከግብፁ ደብረ ቁስቋም ነው፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ስትሸሽ ያረፈችበት። ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለው የጽጌ ወቅትም የምንጾመውም ማህሌት የምንቆመውም የዛ ስደት መታሰቢያ ነው። ይሄን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ መዝሙሩንም በየአመቱ እዘምረዋለሁ፣ ወደ ራሴ ነገር አምጥቼው ግን አላውቅም ነበር።

ሌሊቱን ማህሌት ቆምን። የጎንደር ሊቃውንት ሲያሸበሽቡ ማየት ሌላ ነው (የዚህ ሽብሸባ ትምህርት፣ የአቋቋም፣ ማስመስከሪያ የሆነችው በአታ ቤተክርስቲያን ያለችባት ከተማ ናት መቼም)፣ መቋሚያው እኩል ይነሳል እኩል ይወርዳል፣ ጸናጽሉ ከበሮው፣ ብርዱ ደግሞ አጥንት ይገባል። እኔ ቅጥሩ ስር ጋቢ ለብሼ ተቀምጬ አሁንም ምንም አይሰማኝም። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እማሆይ ዞር ብለው አዩኝና

«ምነው የኔ ዓለም፣ አመመሽ?» አሉኝ።

«አይ እማሆይ፣ እግዚአብሔር ዝም አለኝ እንጂ» አልኳቸው፣ እንዴት ከአፌ እንደወጣ እንጃ።

«ዮሴፍንስ መች በየቀኑ አነጋገረው» አሉኝና ወደ መቁጠሪያቸው ተመለሱ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ስልኬን አውጥቼ ማቴዎስ ምዕራፍ 2ን ከፈትኩ። መልአኩ ለዮሴፍ በህልም ሕፃኑንና እናቱን ይዘህ ወደ ግብፅ ሽሽ፣ እስክነግርህም ድረስ እዛ ቆይ ይለዋል። ይሄው ነው። ስንት ጊዜ እንደሆነ የለም፣ የት እንደሚያርፉ የለም፣ ምን እንደሚበሉ የለም። በሌሊት ተነስቶ ሄደ። ከዛ በኋላ ሄሮድስ እስኪሞት ድረስ መልአኩ ለዮሴፍ ተናገረ የሚል አንድም ቃል ወንጌሉ ላይ አታገኙም፣ በቤተክርስቲያናችን ትውፊት ደግሞ ስደቱ 3 አመት ከ6 ወር ነው። ያን ሁሉ ጊዜ በሰው አገር የያዘው የመጀመሪያውን ቃል ነው። ሲመለስም ወደ እስራኤል አገር ሂድ ተባለ እንጂ ናዝሬት አልተባለም፣ አርኬላዎስ መንገሱን ሰምቶ ሲፈራ ነው ገና ወደ ገሊላ የተመራው። እየሄደ ነው የተነገረው። ደግሞ ሰብአ ሰገል ወርቁን ያመጡት ከስደቱ በፊት ነው፣ እሱ መንገድ እንዳለበት ሳያውቅ ስንቁ ቤት ገብቶ ነበር ማለት ነው፣ ይሄ የኔ ሀሳብ ነው ግን ሳስበው አለቀስኩ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ስላሴ ያነሳሁት ጥያቄም እዛው መጣብኝ። ቁስቋም ንብ አልወጣላትም፣ ተቃጠለች፣ እኔ ደግሞ ያን ሌሊት እዛችው ቁስቋም ቅጥር ስር ቁጭ ብዬ ማህሌት እየሰማሁ ነው። የተቃጠለችበትን ምክንያት አሁንም አላውቅም፣ መልስ ያለው ሰው ካለ ደስ ይለኛል። እግዚአብሔር ያን ቀን ጥሏት ሄዶ ነበር ማለት ግን ከዛ ሌሊት በኋላ አልችልም፣ ስለኔም እንደዛው።

ፕሮሰሱ እንደቆመ ነው። ጸሎቴም አንዳንድ ቀን ይረጥባል አንዳንድ ቀን እንደድሮው ነው፣ በደረቀበት ቀን ዳዊቴን ደግሜ «አልተነገረኝም ገና» ብዬ እተኛለሁ። ለባለቤቴ በዋትሳፕ ማቴዎስ 2ን ላኩለት፣ አሁን እሱ እዛ እኔ እዚህ ማታ ማታ አብረን እናነባለን። የንስሐ አባቴ እንዴት ነበር ሲሉኝ የእማሆይን ነገር ነገርኳቸው፣ ሳቅ ብለው ለከርሞ ከባለቤትሽ ጋር ትሄዳላችሁ አሉኝ፣ እኔም አሜን ብያለሁ። ከእናንተ የሚሄድ ካለ ወፍራም ጋቢ ያዙ፣ ነጠላ ብቻ አይበቃም።