ከኅብረት የታገደ ሰው በየት በኩል ይመለስ?

ጥፋት የሠራን ምእመን ከቤተ ክርስቲያን ኅብረት ለማገድ የአንድ ምሽት ስብሰባ ይበቃል። መመለሱ ግን ወራት ይፈልጋል፤ ብዙ ሽማግሌዎች የሚዘነጉትም እሱኑ ነው። መመለሻው ያልተጻፈበት የእገዳ ውሳኔ መጽደቅ የለበትም።

ማቴዎስ 18፥15-17 የበደለን ወንድም የመውቀስን ቅደም ተከተል ያስቀምጣል፦ መጀመሪያ ለብቻ፣ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን። ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከጅምሩ ነው። ጉዳዩ “የጸሎት ርዕስ” ተብሎ ቤት ለቤት ይዞራል፤ ሰውየው ሽማግሌዎች ፊት ሲቀርብ አስቀድሞ ተፈርዶበታል። በሁለተኛው ደረጃ የሚሄዱትም ለከሳሹ ያደሩ ሳይሆኑ፣ ጥፋቱ የከሳሹ ሆኖ ቢገኝ ፊት ለፊት የሚነግሩት ይሁኑ።

ይህ መንገድ የማይሠራበት ጉዳይም አለ። በሕፃን ላይ የደረሰ ጥቃት፣ ድብደባ፣ አስገድዶ መድፈር ወንጀል ነው፤ ወዲያውኑ ለፖሊስ ይነገር። ተጎጂዋን “ሄደሽ ለብቻው ውቀሺው” ማለት መልሶ ለአጥቂዋ አሳልፎ መስጠት ነው። በአገልጋይ ላይ ክስ ሲመጣ ደግሞ ብዙዎች ሁለት ወይም ሦስት ምስክር የሚጠይቀውን 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19ን ጠቅሰው፣ በሁሉ ፊት ገሥጽ የሚለውን ቁጥር 20 ይዘሉታል።

ለውሳኔው አንድ ገጽ ይበቃል፦ ጥፋቱ ምን እንደሆነ፣ ሰውየው ከጌታ እራት፣ ከአገልግሎት ወይስ ከአባልነት እንደታገደ፣ ንስሐው በምን እንደሚታይ፣ የትኛው ሽማግሌ እንደሚከታተለው፣ ጉዳዩ እንደገና የሚታይበት ቀን። “እስኪስተካከል ድረስ” የሚል ውሳኔ ሰውን ዓመታት ያንጠለጥላል። ለጉባኤው ሲነገር ዝርዝሩ ይቅር፤ የሚጎዳው ቤተሰቡ ነው።

የታገደው ይግባኝ የሚልበት ቦታም ይኑረው። እ.ኤ.አ. በ325 የተካሄደው የኒቅያ ጉባኤ በ5ኛው ቀኖናው አንድ ጳጳስ ከኅብረት የለየውን ሰው ሌላው ጳጳስ እንዳይቀበለው ከልክሏል፤ ነገር ግን መለየቱ ከጳጳሱ ጠበኝነት የመጣ እንዳይሆን በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰበሰብ ሲኖዶስ እንዲመረምረው አዝዟል። ዛሬም የታገደ ሰው ሲመጣለት የሚቀበል መጋቢ ሁለቱንም ወገን ሳይጠይቅ በሩን አይክፈት፣ አይዝጋም።

ንስሐው ሲታይ ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 2፥7 እንዳለው ሰውየው ከልክ ባለፈ ኀዘን እንዳይዋጥ ይቅር ይባል። እገዳው በጉባኤ ተነግሮ ከሆነ መመለሱም በዚያው ጉባኤ ፊት ይነገር። ወደ ጌታ ማዕድ መመለስና ወደ ኃላፊነት መመለስ ግን ለየብቻ ይታዩ፦ ገንዘብ ያጎደለ ወንድም በንስሐ ተመልሶ ከማዕዱ ይካፈላል፤ ሒሳቡን ግን ሌላ ሰው ይያዝ።