ካናቢስ ማድረቅ በጋራ ቤት፦ የእርጥበቱ ጣጣ

ካናቢስ የማበቅለው ሕግ በሚፈቅድበት አገር ስለምኖር ነው። ጥቂት እግር፣ ለራሴ ብቻ። ልትመክሩኝ ያሰባችሁ አትድከሙ፣ ብዙ ሰው ቀድሟችኋል። ግን ወረቀታችሁ ገና ያላለቀ ወንድሞችና እህቶች አንድ ነገር ስሙኝ። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ ግዛቱ ቢፈቅድም የፌዴራል ሕጉ ስለሚከለክል የዜግነት ማመልከቻ ላይ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ጠበቃ ሳታማክሩ ዘር እንዳትነኩ። የኪራይ ውላችሁንም አንብቡ።

ወደ እርጥበቱ ልሂድ። ማብቀሉ ላይ ሁሉም አዋቂ ነው። ስለ አፈር፣ ስለ መብራት፣ ስለ ማዳበሪያ ሲያወሩ ያድራሉ። ከተቆረጠ በኋላ ስላለው ግን ብዙም አይወራም፣ ወራት የተለፋበት ነገር የሚበላሸው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። አዲስ የተቆረጠ አበባ ከክብደቱ ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ነው። ሳይሻግት የሚቀመጠው ውሃው ወደ 10 እና 12 በመቶ ሲወርድ ነው። የወጣው ውሃ የት ይሄዳል? እናንተ የምትተነፍሱት አየር ውስጥ ነዋ! ስደተኛ ደግሞ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መስኮቱ አንድ ነው፣ ግድግዳው ከሌላ ሰው ሻወር ጋር ይዋሰናል።

ለማድረቂያ የሚመከረው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሙቀት፣ ከ55 እስከ 60 በመቶ እርጥበት፣ ጨለማ ክፍልና ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ አየር ነው። ቬንትሌተሩ ግድግዳውን ይይ እንጂ አበባውን አይምታ። እንዲህ ከሆነ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። ሲወራ ቀላል ነው። ብቻውን ለሚኖር ሰው ምናልባት ቀላል ሊሆን ይችላል።

እኛ ቤት አንድ ጋሼ አሉ። እሑድ እሑድ ልብሳቸውን አጥበው ኮሪደሩ ላይ ይሰቅላሉ። ማድረቂያ ማሽን ልብስ ይጨርሳል ብለው ስለሚያምኑ አጠገቡ አይደርሱም። ልብሱ ተሰቅሎ ብዙም ሳይቆይ የእኔ የእርጥበት መለኪያ 58 በመቶ ላይ የነበረው ተነስቶ 70 ይገባል። «ጋሼ፣ ለዚህ ሳምንት ብቻ ማሽኑን ቢጠቀሙስ?» አልኳቸው። «አንተ ልጅ፣ ለቅጠል ብዬ ሸሚዜን ላስበላ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ኪራዩን እኩል ነው የምንከፍለው። ኮሪደሩን ለእሳቸው ለቅቄ የበሬን ስር በፎጣ ደፈንኩና እርጥበት የሚስብ ማሽን ገዛሁ። ውሃውን ልደፋ ስወጣ ጋሼ አዩት። «ይሄን ሁሉ ስንተነፍሰው ነበር?» ብለው ደነገጡ። አሁን አልፎ አልፎ ማሽኑን ለኮሪደሩ ይዋሱኛል። ይሄ ማሽን ሲሠራ ክፍሉን እንደሚያሞቅም እወቁ። 60 ላይ አስተካክላችሁ ተዉት፣ እስከ መጨረሻው አታውርዱት።

አሁን ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር። መለኪያው ላይ የምታዩት ፐርሰንት ከሙቀት ጋር የተሳሰረ ነው። ሙቅ አየር ብዙ ውሃ መያዝ ይችላል፣ ቀዝቃዛ አየር ጥቂት። ስለዚህ 20 ዲግሪ ላይ 60 በመቶ የነበረው ያው አየር ማታ ማሞቂያው ጠፍቶ ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ 82 በመቶ ገደማ ይሆናል። አንድ ጠብታ ውሃ ሳይጨመር! ለመብራትና ለጋዝ ቁጠባ ሲባል ሌሊት ማሞቂያ የሚጠፋበት ቤት የምትኖሩ፣ ቀን ቀን መለኪያውን አይታችሁ «ደህና ነው» ካላችሁ ሌሊቱን አላያችሁም ማለት ነው። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን መዝግቦ የሚያስቀር መለኪያ ይሻላል።

በብርዱ ወራት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ውጭ በ0 ዲግሪ 80 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ቤት ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 21 በመቶ ይወርዳል። ከንፈራችን የሚሰነጠቀው በዚህ ነው። አበባውም እንደዚያው በጥቂት ቀን ውስጥ ላዩ ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ነው። ደርቋል ብላችሁ ብልቃጥ ውስጥ ስትከቱት ውስጡ የቀረው ውሃ ወደ ላይ ወጥቶ መልሶ ያረጥበዋል። ከዚህም ሌላ መዓዛውን የሚሰጡት ተርፒኖች በቀላሉ የሚተኑ ናቸው፣ ሙቀትና ጥድፊያ ይዟቸው ይሄዳል፣ የሚተርፈው የድርቆሽ ሽታ ነው። ስለዚህ በዚያ ወቅት ከእርጥበት ሳቢው ይልቅ እርጥበት የሚጨምር ማሽን ነው የሚያስፈልገው።

መድረሱን ለማወቅ ቀጭኑን ግንድ ሰበር አድርጉት። ከተለመጠ ይቆይ፣ ቀጭ ካለ ወደ ብልቃጥ ይግባ። ባለክዳን የብርጭቆ ብልቃጥ፣ ሦስት አራተኛው ድረስ ብቻ የተሞላ፣ ውስጡ ትንሽ መለኪያ ያለበት። ከ58 እስከ 62 በመቶ ካሳየ ደስ ይበላችሁ። ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም የተባለው የደረጃዎች ድርጅት ለደረቅ አበባ ያስቀመጠው ልክም ሲተረጎም በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ከ55 እስከ 65 በመቶ ማለት ነው። ከ65 ካለፈ ክዳኑን ከፍታችሁ ለጥቂት ሰዓት ተዉት። 70 ከደረሰ አውጥታችሁ አስጡት፣ ብልቃጡ ውስጥ አታሳድሩት። ከ55 በታች ከሆነ አይሻግትም፣ ግን ይፈረፈራል፣ መዓዛውም አይጎለብትም።

በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንዴ ሁለቴ ለአሥር ደቂቃ ያህል ክፈቱት። ስትከፍቱት አፍንጫችሁን አስገቡ። የአሞኒያ ሽታ፣ ማለትም የቆየ ሽንት የሚመስል ነገር ከሸተታችሁ፣ እርጥበቱ በዝቶ አየር ያጠራቸው ባክቴሪያዎች ሥራ ጀምረዋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በየጥቂት ቀኑ መክፈት ይበቃል። ወር ገደማ ሲሰነብት ጭሱ ይለሰልሳል ይባላል። እርጥበት ሲበዛ የሚስቡት፣ ሲያንስ የሚጨምሩት ትንንሽ ፓኬቶች፣ እነ ቦቬዳ፣ ጥሩ ናቸው፣ ግን ለመጠበቅ እንጂ ለማድረቅ አልተሠሩም። ደርቆብናል ብለው የብርቱካን ልጣጭ የሚከቱ ሰዎችን አትስሙ፣ ሻጋታ መጋበዝ ነው።

መለኪያውንስ ማን ለካው? ርካሾቹ አምስት ነጥብ ቢስቱ አይገርምም። አንድ ማንኪያ የገበታ ጨው በጠብታ ውሃ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል አርጥቡና ከመለኪያው ጋር በደንብ በሚዘጋ ፌስታል ውስጥ አሳድሩት። ጨው በተዘጋ ቦታ አየሩን 75 በመቶ ላይ ያቆመዋል። ጠዋት 71 ካለ መለኪያችሁ አራት ይሰርቃል፣ ሁልጊዜ አራት ጨምራችሁ አንብቡ።

ሻጋታውን በተመለከተ አልደራደርም። ቦትራይተስ የሚባለው ግራጫ ሻጋታ የሚጀምረው ከውስጥ፣ ከትልቁና ጥቅጥቅ ካለው አበባ መሀል ነው። ላዩ አምሮ ውስጡ ቡናማ ሆኖ ይበሰብሳል። ትልልቆቹን ገንጥላችሁ እዩ፣ ወይም ሲሰቀሉ በትንንሹ ክፈሏቸው። አንድ ጓደኛዬ «የሻገተውን ቆርጬ የቀረውን እጠቀማለሁ፣ እሳት ይገድለዋል» ይላል። አይገድለውም ጌታዬ። እንደ አስፐርጂለስ ያለውን ሻጋታ የማጨስ ሙቀት በአስተማማኝ ሁኔታ አያጠፋውም፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ሳንባ ላይ ደግሞ ከባድ ነገር ያመጣል። ያንን አበባ ከነአካባቢው ጣሉት።

የቀረውን ብርሃን የማይነካው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ሲተባበሩ የሚያሰክረውን ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲውን፣ ቀስ በቀስ ኃይሉ ደካማ ወደሆነው ሲቢኤን ይቀይሩታል። ፍሪጅ አናት ላይ አይሁን፣ እዚያ ይሞቃል። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ደግሞ ቁልፍ ያለው ሳጥን ግዙ፣ ቁልፉም ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን።