ከካሜራው በፊት ሌንሱ

ሐምሌ 9፣ ጅማ

ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። ቀትር ላይ ነን፤ ቤት ውስጥ ግን ያለ መብራት ማንበብ አይቻልም። ካሜራ ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህን ብርሃን ነው። በጠራ ፀሐይ የተነሣ ፎቶ ከየትኛውም ካሜራ ቢወጣ ያምራል። ካሜራ ከካሜራ የሚለየው እንዲህ ባለው ቀን ነው፤ ደመና ሲከብድ፣ በጥላ ዛፍ ሥር ቡና ሲለቀም፣ ከበር በሚገባ ብርሃን ብቻ ጀበና በተጣደበት ክፍል ውስጥ።

ስለዚህ ስለ ምርጫ ስጽፍ ከሌንስ እጀምራለሁ። አብዛኛው ጀማሪ ገንዘቡን ቦዲው (ያለ ሌንሱ ያለው የካሜራው አካል) ላይ ይጨርስና አብሮት በመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይቀራል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ሌንሱ ያቀርባል፣ ሲያንስ በሰፊው ያያል። ሒሳቡን ቁጭ ብሎ ለሠራው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ ቢበዛ የሚከፍተው እስከ ኤፍ 5.6 ነው፤ ኤፍ የብርሃን መግቢያው ቀዳዳ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ርካሹ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ እስከ ኤፍ 1.8 ይከፍታል። 5.6ን ለ1.8 አካፍለን ውጤቱን በራሱ ስናባዛው 9.7 ገደማ ይመጣል። ትንሹ ሌንስ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል ማለት ነው፤ ከ3 ስቶፕ በላይ (1 ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው)። አሁን ወደ ቦዲው እንምጣ። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው አነስተኛ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ሰሌዳ) በኒኮንና በሶኒ 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የካኖኑ ትንሽ ያንሳል። ፉል ፍሬም የሚባለው ትልቁ 36 በ24 ነው። የቆዳ ስፋታቸው ሲነጻጸር ትልቁ የትንሹን 2.4 እጥፍ ያህል ይሆናል፤ በብርሃን ሲተመን 1 ስቶፕ ከሩብ። ብዙ ብር የሚጠይቀው ለውጥ 1 ስቶፕ ከሩብ ሲሰጥ፣ በጣም ርካሹ ለውጥ 3 ስቶፕ ይሰጣል። ይህ ቁጥር ከገባን የቀረው ምርጫ ይቀላል።

በተግባር እንየው። ኤፍ 1.8፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 1600 በሚበቃበት ጨለምተኛ ክፍል ውስጥ፣ በኤፍ 5.6 ያንኑ ፎቶ ለማንሣት አይኤስኦው ወደ 16,000 መውጣት አለበት። መለስተኛ ካሜራ እዚያ ላይ የፊት ቆዳን ዝርዝር ይበላል፤ የዕጣኑ ጭስም ከጀርባው ጨለማ ጋር ይቀላቀላል። ሌንሱ ላይ ያለው የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ ይረዳል የሚል አለ። ይረዳል፤ ግን ለአንሺው እጅ እንጂ ለቀጂዋ እጅ አይደለም። ከጀበናው የሚወርደውን ቡና አጥርቶ ለመያዝ ቢያንስ 1/125 ያስፈልጋል፤ እሱን የሚሰጠው ብርሃን ብቻ ነው።

ኤፍ 1.8 የራሱ ዋጋ አለው። በኤፒኤስ-ሲ ካሜራ፣ በ50 ሚሊ ሜትር፣ ከ1.5 ሜትር ርቀት ሲነሣ ጥርት የሚለው ጥልቀት 6.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ፊቷን ዘወር ያደረገች እናት አንዱ ዓይኗ ጠርቶ ሌላው ሊደበዝዝ ይችላል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከተቀመጠ ወደ ኤፍ 2.8 ወይም ኤፍ 4 ማጥበብ ነው። ሁለተኛው ችግር ጥበት ነው። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ2 ሜትር ርቀት የሚያየው ወርድ 94 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ረከቦቱን ከያዘ ሰውየውን ይቆርጣል። 35 ሚሊ ሜትር 1.34 ሜትር ያያል፤ 24 ሚሊ ሜትር ደግሞ 2 ሜትር ገደማ። ቤት ውስጥ ማንሣት የሚወድ ሰው ኒኮን ከያዘ 35 ኤፍ 1.8 ለኤፒኤስ-ሲ የተሠራውን እመርጥለታለሁ። ካኖን ለያዘ 24 ኤፍ 2.8 አለ፤ ስስና ቀላል ነው፤ ብርሃኑ ግን ከ1.8 በ1 ስቶፕ ከሲሶ ይቀንሳል። የሰው ፊት ብቻ ለሚያነሣ 50 ይበቃል።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ልጨምር። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ሹተሩ 1/250 ከሆነ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይመጣል፤ ወይም የአንዱ ፎቶ ብርሃን ከሌላው ይለያያል። 1/50 ወይም 1/100 ላይ ሲደረግ ይጠፋል። ይህን ሳያውቁ ደህናውን ካሜራ ተበላሽቷል ብለው የሚሸጡ አሉ።

ከቤት ውጭ ፍላጎቱ ይለወጣል። ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማንሣት ብዙ ሰው ሰፊ ሌንስ መግዛት ያምረዋል። አያስፈልግም። 18 ሚሊ ሜትር ከ10 ሜትር ርቀት 13 ሜትር ወርድ ያያል፤ ጥቂት ወደ ኋላ መራመድ ይበቃል። ፎቶውን የሚያበላሸው ሌንሱ ሳይሆን ካሜራውን ወደ ላይ ማንጋጠጥ ነው፤ የእንጨት ምሰሶዎቹ ወደ ውስጥ የወደቁ ይመስላሉ። ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ራቅ ብሎ አንሥቶ፣ ከታች የተረፈውን መሬት ኋላ መቁረጥ ነው።

ቦዬ ረግረግ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። 1 ሜትር ቁመት ያላት የውሃ ወፍ 100 ሜትር ርቃ ብትቆም፣ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሴንሰሩ ላይ 3 ሚሊ ሜትር አድርጎ ያሳርፋታል፤ የሴንሰሩ ቁመት 15.6 ስለሆነ ከፎቶው አንድ አምስተኛ ትሆናለች። 400 ብንገዛ አንድ አራተኛ ትሆናለች። ወደ 50 ሜትር መቅረብ ግን ያለ ምንም ወጪ እጥፍ ያደርጋታል። ስለዚህ 55-250 ወይም 70-300 ይበቃል፤ የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ ያለውን መምረጥ ነው። ጉሬዛ ለሚከታተል ሰውም ይኸው ሌንስ ይሆናል። ካሜራው ግን በጉሬዛ ይሳሳታል፦ ጥቁሩ ገላ በነጭ ሰማይ ፊት ሲሆን ጥላ ብቻ ይሆናል፤ 1 ስቶፕ ሲጨመርለት ነጩ ጸጉር ዝርዝሩን አጥቶ ይቃጠላል። በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ፋይል) አንሥቶ፣ ነጩን ጠብቆ፣ ጥቁሩን ኋላ ማብራት የተሻለ ነው።

ለቡና ማሳ ገንዘብ ካወጣሁ የማወጣው ለፖላራይዘር ፊልተር ነው፤ ሌንሱ ፊት የሚገጠም፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ መስታወት። የቡና ቅጠል ሰም የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል፤ ዝናብ ከነካው ሰማዩን ሁሉ መልሶ ነጭ ይሆናል። ፊልተሩን እያዞሩ ሲያዩ ነጩ ይጠፋና አረንጓዴው ብቅ ይላል። ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃን ይበላል፤ ይህም በጥላ ሥር ከባድ ስለሆነ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ የሚያስፈልግበት ሌላው ምክንያት ነው። ቀይ እሸት ቡና ሲነሣ ደግሞ ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን የካሜራውን ግራፍ) በሦስቱም ቀለም ማየት ነው። ጠቅላላው ደህና መስሎ ቀዩ ብቻውን ከልኩ ያልፋል፤ ፍሬው ክብ መሆኑ ይጠፋና ቀይ ነጥብ ይመስላል።

ስለ ሜጋፒክስል ብዙ አልልም። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ፎቶ በኢንች 300 ነጥብ ለማሳተም 8.4 ሜጋፒክስል ይበቃል። ከ16 በላይ ያለው ሁሉ ለእኛ ሥራ ትርፍ ነው።

ከሜጋፒክስል ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ማውንቱ ነው፤ ሌንሱና ቦዲው የሚገናኙበት ቀለበት። እዚህ ላይ የሚሠራ ስሕተት አይመለስም። ካኖን ኢኤፍ ማውንትን ያወጣው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኢኤፍ የተጻፈበት ሌንስ ኢኤፍ ማውንት ባላቸው ባለ መስታወት ዲጂታል ካሜራዎች ሁሉ ላይ ይገጥማል። ኢኤፍ-ኤስ የተጻፈበት ግን ፉል ፍሬም ላይ አይገጥምም። ኒኮን የበለጠ ያሳስታል። ዲ3400 እና ዲ5300ን የመሳሰሉት ቦዲዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የለም። ኤኤፍ-ዲ የሚል ርካሽ ሌንስ ሲገጠምላቸው ይገጥማል፣ ፎቶም ያነሣል፣ ፎከስ ግን በእጅ ብቻ ነው። ኤኤፍ-ኤስ የሚለውን መያዝ ነው። ኤኤፍ-ፒ የሚሉት አዳዲሶቹ ደግሞ ዲ3100 እና ዲ5100ን በመሳሰሉ ቆየት ባሉ ቦዲዎች ላይ ጭራሽ ፎከስ አያደርጉም፤ በእጅም ቢሆን።

ሚረርለስ (ውስጡ ያ መስታወት የሌለው አዲሱ ዓይነት ካሜራ) ለሚያስብ ሰው ጥሩ ዜና አለ። ካኖን ኢኤፍ ላይ ከማውንቱ እስከ ሴንሰሩ 44 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአዲሱ የሚረርለስ ማውንት፣ በአርኤፍ፣ 20። በመካከል የተረፈው 24 ሚሊ ሜትር ለአዳፕተር (ለማገናኛ ቀለበት) ቦታ ይሰጣል፤ የድሮው ሌንስ አዲሱ ላይ ከነፎከሱ ይሠራል። የአርኤፍ ሌንስ ግን በድሮው ቦዲ ላይ አይሆንም። ዛሬ የሚገዛ ጥሩ ኢኤፍ ሌንስ ነገም አይጣልም ማለት ነው፤ ከሌንስ ልጀምር ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው።

ያገለገለ መግዛት አያሳፍርም፤ አለመፈተሽ ግን ያስከፍላል። ሌንሱን ከቦዲው አውልቆ፣ ክዳኖቹን በሁለቱም በኩል አንሥቶ፣ የስልክ መብራት ከኋላ በኩል በሰያፍ እያበሩ ከፊት ማየት ነው። የኒኮን ሌንስ ሲወልቅ ቀዳዳውን የሚያጠቡት ቢላዎች ስለሚዘጉ ከኋላው ያለችውን ትንሽ ዘንግ ገፍቶ መያዝ ያስፈልጋል፤ የካኖን ኢኤፍ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ጥቂት የአቧራ ነጥብ ምንም አያደርግም። እንደ ሸረሪት ድር ወይም እንደ ሥር የሚዘረጋ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። መስታወቱ ወተት የነካው መስሎ ከደበዘዘ ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣ ፎቶው ሁሉ ይነጣል። ቢላዎቹ ላይ የሚያብለጨልጭ ዘይት ካለ በዝግታ ስለሚዘጉ ፎቶው ከሚገባው በላይ ይበራል። የፊት መስታወት ላይ ያለች ቀጭን ጭረት ብዙም አትጎዳም፤ የኋላው ላይ ያለች ግን ትታያለች።

ለፎከስ ሦስት ክብሪት ይበቃል። በ3 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አንዱን ከሌላው ኋላ፣ በሰያፍ ይደርደሩ። በ50 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 1.8፣ ከ1 ሜትር ርቀት መካከለኛው ላይ ፎከስ ተደርጎ ይነሣ። የፊተኛው ወይም የኋለኛው ከጠራ ሌንሱና ቦዲው አልተናበቡም። ያኔ በላይቭ ቪው (በኋላው ስክሪን እያዩ) መድገም ነው፤ እዚያ ከጠራ ችግሩ ማስተካከያው ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ አይደለም። ሴንሰሩን ለማየት ኤፍ 16 ላይ ደመናማ ሰማይ ይነሣል፤ ጥቁር ነጥብ አቧራ ነው፤ በንፋስ መንፊያ ፓምፕ ይወጣል። በአፍ መንፋት ምራቅ ያስገባል። ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ ኒኮን ፎቶው ውስጥ ይጽፋል፤ ካኖን ላይ ብዙውን ጊዜ ኮምፒዩተርና ፕሮግራም ይፈልጋል። መለስተኛ ቦዲዎች ብዙዎቹ ለ100,000 ጊዜ ይታሰባሉ፤ ከፎቶ ቤት የወጣ ካሜራ ከሆነ ይህን ሳያዩ አለመክፈል ነው።

ሻጋታው ላይ ልመለስ፤ ጅማ ላይ የሌንስ ዋነኛ ጠላት እሱ ነው። ዘሩ በአየር ውስጥ ሁልጊዜ አለ፤ የሚያበቅለው እርጥበት ነው። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ሆኖ ለሳምንታት ሲቆይ፣ ጨለማ ሲጨመርበት፣ መስታወቱ ላይ ይሰድዳል። የሚያመነጨው አሲድ የመስታወቱን ቅብ ይበላል፤ ከዚያ ወዲያ ሻጋታው ቢጸዳም ምልክቱ አይለቅም። የቆዳ ቦርሳ ውስጥ አስገብቶ ቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፍ የምናውቀው የጥንቃቄ መንገድ ነው፤ ለሌንስ ግን ከሁሉ የከፋው እሱ ነው፤ ቆዳው ራሱ እርጥበት ያቁራል።

የሚያዋጣው ባለ ጎማ ክዳን የፕላስቲክ የምግብ ዕቃ ነው። 10 ሊትር ለሚይዝ ዕቃ ከ100 እስከ 200 ግራም ሲሊካ ጄል፣ አንድ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ። መለኪያው ከ40 እስከ 50 በመቶ መካከል ይቆይ፤ ከ30 በታች ሲወርድ ለቅባቱና ለጎማው አይበጅም። ጄሉ ቀለሙን ሲቀይር በኦቭን 110 ዲግሪ ላይ ለ2 ሰዓት ይደርቃል። ምጣድ ላይ ማድረቅ ሙቀቱን ለመቆጣጠር ስለማይመች ያሳርረዋል። ሳይቀዘቅዝ ወደ ዕቃው መመለስም አይገባም። ሩዝ የሚሉ አሉ፤ ሩዝ የሚስበው ጥቂት ነው፣ ዱቄቱ ደግሞ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን በየሳምንቱ አውጥቶ መጠቀም ነው።

የሚቀጥለው ግዢ ኤክስቴንሽን ቲዩብ ነው፤ ውስጡ መስታወት የሌለው፣ በሌንሱና በቦዲው መካከል የሚገባ ቀለበት። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብቻውን ከ35 ሴንቲ ሜትር በቅርብ አያነሣም፤ 25 ሚሊ ሜትር ቀለበት ሲጨመርበት ግን የቡና አበባ ፎቶውን ይሞላል። የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥብ ያለው መሆን አለበት፤ የሌለው ርካሹ ካኖን ላይ አፐርቸሩን (የብርሃኑን ቀዳዳ) ማጥበብ አያስችልም፤ በዚያ ቅርበት ደግሞ ኤፍ 8 የግድ ነው። የቡና አበባ የሚፈነዳው ከበጋው ማብቂያ የመጀመሪያ ዝናብ በኋላ ነው፤ የሚቆየውም ጥቂት ቀን ነው። ቀለበቱ ከየካቲት በፊት እጅ ላይ መግባት አለበት።