ኮምቦልቻ፣ አምስተኛው ስታንድ ጋ

ጥቅምት ላይ ነው የተደወለልኝ። አንድ የማውቀው ልጅ ነው፣ "ኮምቦልቻ አንድ ሀጂ አሉ፣ የጂብሰም ኮርኒስ ብረት የሚያወጣ ያገለገለ ማሽን ገዝተው ጠርዙ አልስተካከል ብሎ እንቅልፍ አጥተዋል፣ ሄደህ እያቸው" አለኝ። ፎቶም ላከልኝ። ዩ ቅርጽ ያለው ስስ ብረት ነው፣ ሁለቱ እግሮቹ ጫፋቸው ላይ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ይርገበገባሉ። እኔ ደግሞ ፎቶ አይቼ መፍረድ ይቀናኛል መሰለኝ፣ ሦስት ሌሊት ላፕቶፕ ላይ ተደፍቼ ለማሽኑ አራት ተጨማሪ ስታንድ (ብረቱን የሚያጥፉት ሮለሮች የሚቆሙበት) የሚቀጥል ድሮዊንግ ሠራሁ፣ ፕሪንት አደረኩት፣ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ካሊብሮ፣ ሜትር፣ ፊለር ጌጅ (ጠባብ ክፍተት መለኪያ)፣ ሁለት ሱሪ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላምበረት ነበርኩ።

መንገዱን ለሚያውቀው መተረክ ትርፉ ድካም ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጃችን አቅፈን ጠጣን፣ ጣሊያን በወረራው ጊዜ የፈለፈለውን የጣርማ በርን ዋሻ በጭጋግ አለፍን፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛሁ፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጃኬቱን ያላወለቀ ሰው አልነበረም። ከሚሴን አልፈን ወደ ሐርቡ ስንሄድ ማሽላው ደርሶ ልጆች ማማ ላይ ቆመው በወንጭፍ ወፍ ያባርራሉ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት የት እንደምሄድ ጠየቁኝና "ማሽን ሊያዩ ነው የመጡት" ብሎ ረዳቱ ሲመልስልኝ (እንዴት እንዳወቀ እኔንጃ፣ ድሮዊንጉን አይቶ ይሆናል) "አብሽር ልጄ፣ ይሳካልሃል" አሉኝ። ወሎ መግባቴን ያወቅኩት በዛች አብሽር ነው፣ ታፔላ አላስፈለገኝም።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፣ ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ የብረታ ብረት ሥራው አለ፣ 2009 ላይ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። የሀጂ ሥራ ቦታ ግን ከነዚህ ከየትኛውም ጋር አይወዳደርም፣ ቆርቆሮ ጣራ ያለው ረዘም ያለ መጋዘን ነው፣ አንድ ጎኑ የጎረቤት ግድግዳ። ማሽኑ መሀል ላይ ቁጭ ብሏል። ላላያችሁት፣ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጥቅሉ ላሜራ ማዞሪያው ላይ ይጫናል፣ 128 ሚሊ ገደማ ስፋት ያለው፣ ውፍረቱ 0.5 ሚሊ የሆነ፣ ከዛ 8 ስታንድ መሀል ያልፋል፣ እያንዳንዱ ስታንድ ላይና ታች ሮለር አለው፣ እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት እያጠፈ ለቀጣዩ ያቀብላል፣ መጨረሻ ላይ ሃይድሮሊኩ ይቆርጠዋል። ወገቡ 50 ሚሊ፣ እግሮቹ 40፣ 40። በቃ ይሄው ነው። ግን ይሄን ቀላል ነገር ስንቱ ፋብሪካ ሲታመምበት አይቻለሁ።

ሀጂ ከሰላምታ በፊት ምሳ በልቼ እንደሆነ ነው የጠየቁኝ። ከምሳው በኋላ ድሮዊንጌን ዘረጋሁ። አራት ስታንድ ስንጨምር መታጠፉ ይቀንሳል፣ ጠርዙ ይተኛል ምናምን እያልኩ ሳብራራ ዝም ብለው ሰሙኝና "ልጄ፣ ይሄ የሚጨመረው የት ነው የሚቆመው?" አሉኝ። ዞር ብዬ አየሁ። መጨረሻው ስታንድ፣ መቁረጫው፣ ከዛ የጎረቤት ግድግዳ። የሚወጣውን ብረት የሚቀበሉት ራሱ በግድግዳው ቀዳዳ አሳልፈው ነው፣ ከጎረቤት ጋር ተነጋግረው! ሦስት ሌሊቴ እዛው ላይ ሞተ። ሳልመጣ በፊት የቦታውን ርዝመት አለመጠየቄ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሰው ናቸው። ድሮ ጨርቃ ጨርቅ ሽመና ክፍል ነበሩ፣ ጆሯቸው ትንሽ ደክሟል ግን የማሽን ድምፅ ላይ እንደ ሬዲዮ ነው። ከዙህር ሶላት ተመልሰው ማሽኑን አስነሱልኝ፣ እኔ መጨረሻው ላይ ቆሜ የሚወጣውን ሞገድ አያለሁ፣ እሳቸው ግን ወደዛ ዞረው እንኳ አያዩም፣ መሀል ላይ ቆመዋል።

"ምን ያያሉ ጋሼ?"

"አላይም፣ እሰማለሁ። ሌሎቹ ያጉረመርማሉ፣ አምስተኛው ይጮሃል።"

"ለሌላ ሰው ነግረውት ነበር?"

"በፊት ለመጣው መካኒክ ነገርኩት፣ ቡሎኑን አጥብቀው አለኝ። አጠበቅኩት። ባሰበት።"

ቡሎን ማጥበቅ የሚሉት በሽታ የኛ አገር ብቻ ሳይሆን የዓለም ነው መሰለኝ። ሮለርና ሮለር መሀል ያለው ክፍተት ከላሜራው ውፍረት ካነሰ ማሽኑ ማጠፉን ትቶ መዳመጥ ይጀምራል፣ የተዳመጠ ብረት ይሳሳል፣ የሳሳው ይረዝማል፣ የረዘመው መሄጃ ሲያጣ ይሞገዳል። ሻፍቱም ይጎብጣል፣ የነሱ 50 ሚሊ ነው። 60 ቢሆን ኖሮ መጉበጡ በግማሽ ይቀንስ ነበር (የዲያሜትሩ አራተኛ ፓወር ነው የሚቆጠረው፣ 1.2ን አራት ጊዜ ማባዛት ነው)፣ ግን ሻፍት ሲቀየር ኩሽኔታውም ቤቱም ማርሹም ይቀየራል፣ እሱን ተውነው። መጀመሪያ ሁሉንም ቡሎን አላልተን ከራሱ ከጥቅሉ ቁራጭ ቆርጠን እንደ ፊለር እያስገባን ክፍተቱን አስተካከልን። ሐሳቡ የጋሼ ነው፣ የኔ ውድ ፊለር ጌጅ ሻንጣ ውስጥ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ማሽኑን መሀል ላይ አቆምነውና ሮለሮቹን ከፍተን ውስጥ ያለውን ላሜራ እንዳለ አወጣነው። ይሄን እንድታደርጉ እመክራለሁ፣ ከየትኛውም ሶፍትዌር በላይ ይናገራል፣ በአንድ ጫፍ ጠፍጣፋ በሌላው ጫፍ ዩ የሆነ፣ የማሽኑ ሙሉ ታሪክ በአንድ ብረት ላይ። በየስታንዱ ምልክት አድርገን አንግሉን ለካን። ጠፍጣፋ፣ 10፣ 20፣ 30፣ ከዛ 60፣ 80፣ 90፣ 90። አራተኛው ላይ 30 የነበረው አምስተኛው ላይ በአንዴ 60! ጋሼ ብረቱን ከእጄ ወስደው ጣታቸውን እዛ ቦታ ላይ አድርገው "ሐረጎን በአንድ እርምጃ ማን ወጣው?" አሉ። ሐረጎ ማለት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ጠመዝማዛ ዳገት ነው።

ሂሳቡን ካርቶን ላይ ሠራሁት፣ ሀጂም ቡና እየጠጡ ያያሉ። በሁለት ስታንድ መሀል 220 ሚሊ አለ። 40 ሚሊ እግር ከ30 ወደ 60 ሲነሳ ጫፉ ወደ 20.7 ሚሊ ይጓዛል፣ ወገቡ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ጫፉ ከወገቡ የረዘመ መንገድ ሄደ ማለት ነው፣ 220 ሳይሆን 221 ገደማ፣ በመቶኛ 0.44። ተራ ብረት ደግሞ (ይልዱ፣ ማለትም እንደተሳበ መቅረት የሚጀምርበት ጉልበት፣ 250 ሜጋፓስካል የሆነ) ተስቦ ወደ ቦታው የሚመለሰው እስከ 0.125 በመቶ ድረስ ብቻ ነው፣ ከዛ ካለፈ እንደረዘመ ይቀራል። ልዩነቱ በሜትር 3 ሚሊ። ማረጋገጥ ስለፈለግን ጠፍጣፋው ላሜራ ላይ አንድ ሜትር በጭረት ምልክት አድርገን በማሽኑ አሳለፍነውና ጠርዙን ተከትለን በሜትር ለካነው፣ 1003። ሀጂ ሁለት ጊዜ አስለኩኝ። እውነት ለመናገር እኔም አላመንኩም ነበር፣ የወረቀት ሂሳብ እንዲህ አይገጥምልኝም፣ ላሜራ ብዙ ጊዜ የራሱ አመል አለው።

ግን ጥያቄው ማሽኑን የሠራው ሰው ለምን እንደዛ አደረገ ነው። መልሱን ያገኘነው ሳጥን ውስጥ የተጣሉ አሮጌ ሮለሮች ስናገላብጥ ነው፣ ለካ ማሽኑ መጀመሪያ የተሠራው ለ25 ሚሊ እግር ነው፣ በኋላ ባለቤቱ የነበረው ሰው ገበያው 40 ሲፈልግ ሮለሩን ብቻ አስቀይሮ አንግሎቹን እንደነበሩ አስቀጠለ። 25 ላይ ያቺ ዝላይ 0.17 በመቶ ብቻ ናት፣ ትንሽ ትሞገዳለች፣ ከኮርኒስ ጀርባ ማን ያያታል። ችግሩ እግሩ ሲረዝም በዛው ልክ አይደለም የሚያድገው፣ በስኩዌር ነው፣ 1.6 እጥፍ የረዘመ እግር 2.5 እጥፍ የበለጠ ይሳባል። የሮል ፎርሚንግ (እንዲህ በሮለር ብረት የማጠፍ ሥራ) ሰዎች ጠርዙ ከ1 ዲግሪ ከ25 ደቂቃ (ደቂቃ እዚህ የዲግሪ ስልሳኛ ነው) በላይ ቁልቁለት እንዳይኖረው የሚሉት የቆየ ደንብ አላቸው፣ በግርድፉ የሚያስፈልገውን የማሽን ርዝመት ለማግኘት የእግሩን ቁመት በ40 ማባዛት ነው፣ ለ40 ሚሊ እግር 1.6 ሜትር። የሀጂ ማሽን 7 ክፍተት በ220፣ 1.54 ሜትር። ለካ ርዝመቱ ሊበቃ ምንም አልቀረውም! አራት ስታንድ ምናምን ያልኩት... ይቅር። የጎደለው እኩል አከፋፈል ነበር።

ስለዚህ ጠፍጣፋ፣ 15፣ 30፣ 45፣ 60፣ 75፣ 90፣ መጨረሻው ደግሞ 92 አደረግነው፣ ብረት ሲለቁት ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚመለስ። በ15 ዲግሪ እርምጃ ጫፉ የሚሳበው 0.113 በመቶ ነው፣ ከ0.125 በታች፣ ለጥቂት። የ60 እና የ90 ሮለሮች ባሉበት ቀሩ፣ የ30ው ቦታ ብቻ ቀየረ፣ አዲስ የሚያስፈልገው 15፣ 45 እና 75 ነው። ቅርጾቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደራርቤ ስስል ባለሙያዎቹ አበባ የሚሉት ነገር ይወጣል፣ ጋሼ አይተው "ይሄማ የበግ ጎድን ነው" አሉ።

ቶርኖ ቤቱ ደሴ ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር፣ ግን ከ1,850 ሜትር ገደማ ወደ 2,500 ገደማ ስለምትወጣ ብርዱ ሌላ አገር ነው። ሚኒባሱ ሐረጎን ሲጠማዘዝ ጉልበቴ ላይ የያዝኩት የብረት ቡሽ ጎን ለጎን ይንከባለላል፣ ፒያሳ ወረድን፣ ቶርኖ ሠሪው ወጣት ነው፣ እጁ ቀጥ ያለ። አንድ ነገር ብቻ ደጋግሜ ነገርኩት፣ የ75ቱ ሮለር ጎኑ ላይ ክፍተት ይኑረው አልኩት፣ ምክንያቱም ሮለር ሰፊው ጋ ሲዞር ከጠባቡ ይፈጥናል፣ ላሜራው ግን አንድ ፍጥነት ነው ያለው፣ ስለዚህ ጎኑ ከነካው የላሜራውን የዚንክ ልባስ ይልሰዋል። ሁለት ቀን አለኝ፣ መብራት አንድ ከሰዓት ሄደና ሦስት ሆነ። በዛች ከሰዓት አይጠየፍ አዳራሽን አየሁ፣ የንጉሥ ሚካኤል ግብር ቤት፣ ስሙ ብቻውን ደስ ይላል።

92ቱን በላይና ታች ሮለር መሥራት አይቻልም፣ እግሩ ወደ ውስጥ ሲዘም የላዩ ሮለር ወጥመድ ውስጥ ይገባል፣ ከጎን ነው መገፋት ያለበት። እኔ ደሴ እያለሁ ጋሼ ከአሮጌ ኩሽኔታ ሁለት የጎን ሮለር ሠርተው፣ ወደፊት ወደኋላ የሚሄድ ማሰሪያ በያጁን አስበይደው ጠበቁኝ። እኔ ብስለው ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። ከዛ የሲባጎ ክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስታንድ ወጥረው፣ ቱንቢ አንጠልጥለው፣ ሦስተኛው 2 ሚሊ ወደ ግራ መሄዱን አገኙ።

ሐሙስ ከአስር በኋላ አስነሳነው። መጀመሪያ የወጣው ቁራጭ ከጎን ሮለሩ ጋር ተጣልቶ ተጣመመ፣ ሀጂ "አብሽሩ" አሉ። ሁለተኛው ወጣ። ጋሼ ጆሯቸውን አምስተኛው ላይ አድርገው ቆዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። መሬት ላይ አስተኛነው፣ ጠርዙ ዝም ብሏል፣ የአንድ ሜትሩን ምልክት ስንለካው ከሜትሩ ላይ ልዩነት ማንበብ አልቻልንም። መሀሉ ግን ትንሽ እንደ ቀስት ከፍ ይላል፣ በሦስት ሜትር 4 ሚሊ፣ ለሱ መውጫው ላይ ማቅኛ ያስፈልገዋል፣ ሮለሮቹም ለሙከራ ተብለው ያልጠነከሩ ስለሆኑ ወራት ነው የሚቆዩት፣ ዲ2 የሚባለው ብረት ተገኝቶ በደንብ መጠንከር አለባቸው። ሁለቱንም ለሀጂ ጽፌ ሰጠኋቸው። ቡናው ቶናው ላይ ደርሶ ነበር፣ በረካ ሳልጠጣ አልወጣም አሉኝ፣ ጠጣሁ።

ያን በመሀል ያወጣነውን ብረት፣ ከጠፍጣፋ ወደ ዩ የሚሄደውን፣ ለመታሰቢያ ይዤው ልመለስ ስል ረዳቱ አየኝና "ይሄ ረጅም ነው፣ የአንድ ሰው ትከፍላለህ" አለኝ። የተከራከርኩት እስከ ሐርቡ ድረስ ነው።