የሚያዝያን ውሃ ሳልለካ ያሳደስሁት ፈቃድ

ከጮቄ ተራራ ከሚወርዱት ወንዞች በአንዱ ላይ የተሠራችውን የመንደራችንን አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በኮሚቴ ጸሐፊነት ማገልገል ከጀመርሁ ስድስት ዓመት አልፎኛል። የማመንጫ ፈቃዷን ያሳደስሁትም እኔ ነኝ። አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ባለማግኘቴ የሠራሁትን ስህተት ሌላው እንዳይደግመው የሆነውን እጽፋለሁ።

ወረቀቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ማመልከቻው፣ የቀድሞው ፈቃድ ቅጂ፣ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ፣ የግድቡና የተርባይኑ የምርመራ ሪፖርት፣ የክፍያ ደረሰኙ፣ ሁሉም ሁለት ጊዜ ወደ ከተማ በመመላለስ ተሟላ።

ያበላሸሁት የውሃውን ልክ ነው። ቅጹ የሚጠይቀው የወንዙን «አማካይ ፍሰት» ነበር። በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ወንዙ የክረምቱን ውሃ ገና ሳይጨርስ፣ ቦዩ ላይ 10 ሜትር ለክቼ ብርቱካን አንሳፈፍሁ፤ የፈጀበትን ሰከንድ ቆጥሬ፣ የላይኛው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ፍጥነቱን በ0.85፣ ከዚያም በቦዩ ስፋትና በውሃው ጥልቀት አባዝቼ፣ በሰከንድ 120 ሊትር አገኘሁ። ውሃው ከ14 ሜትር ከፍታ ስለሚወርድ፣ ከኃይሉ ስድሳ በመቶው ወደ ኤሌክትሪክ ቢለወጥ ወደ 10 ኪሎ ዋት ይሰጣል። ለማረጋገጥ የመጣው ባለሙያ ግድቡ ላይ ቆሞ ቁጥሩን መዘገበ። ከእኛ በላይ በወንዙ ማን እንደሚጠቀም አልጠየቀኝም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ከዚያ በላይ የሚቆጨኝ ግን እኔ እያወቅሁ ዝም ማለቴ ነው። የማልክደው ነገር ቢኖር ትልቁ ቁጥር ለፈቃዱ ይጠቅማል ብዬ ማሰቤ ነው።

ፈቃዱ በየካቲት ታደሰ። እኛም በ120 ሊትሩ ተማምነን ለሁለተኛ ወፍጮ መስመር ሰጠን። በሚያዝያ፣ በፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ፣ ሁለቱም ወፍጮዎች ለበዓሉ እህል ሲፈጩ የጄነሬተሩ ድምፅ እየወረደ ሄደ፤ አምፖሎቹ ቀሉ፣ ከዚያም ጠፉ። ሕዝቡ ለትንሣኤው ቅዳሴ በጨለማ ወጣ። ያ ይሁን፤ አባቶቻችንም በጧፍ ቀድሰዋል። በጤና ኬላው የነበረው የክትባት ማቀዝቀዣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ አደረ፤ በማግሥቱም ክትባቱ ሙቀት አግኝቶታል ተብሎ ተወገደ። ልጆቻቸውን ይዘው በቀጠሮአቸው መጥተው የተመለሱትን እናቶች በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰኞ ወንዙን ተከትዬ ወደ ላይ ወጣሁ። የሁለት ሰዓት መንገድ ሳልጨርስ ሰባት የመስኖ ጠለፋ ቆጠርሁ፤ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁሉም ውሃ የሚፈልግበት ሰዓት ነው። የአካባቢው የውሃ አባት በቦዩ ዳር ተቀምጠው ተራ ያስከብሩ ነበር። የመጣሁበትን ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ይህ ተራ እኔ ሳልወለድም ነበረ። ወረቀቱን ከማጻፍህ በፊት መጥተህ ብትጠይቀኝ ኖሮ፣ የሚያዝያን ውሃ ልክ እኔው ባሳየሁህ ነበር» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ቤት ተመልሼ አዋጆቹን ያነበብሁት ያን ጊዜ ነው። ስለ ኢነርጂ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 810/2006ን ብቻ አይቶ የሚያመለክት ሰው እንደ እኔ ይሳሳታል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ የሚውለውን ውሃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ያስቀድማል፤ ለባህላዊ መስኖና ለውሃ ወፍጮ ደግሞ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ስለዚህ ያለ ፈቃድ የሚያለማው ገበሬ ሕጋዊ ነው፤ ነገር ግን በፈቃድ መዝገብ ላይ ስሙ ስለማይገኝ፣ ቢሮ ተቀምጦ ፋይሉን ለሚያይ ሰው ከእኛ በላይ ያለው ወንዝ ባዶ ይመስለዋል። ማሽን ያለ ውሃ ምን እንደሚሆን ደግሞ ለጎጃም ሰው አይነገረውም፤ በ1956 እና በ1993 የተተከሉት ሁለቱ የጢስ ዓባይ ጣቢያዎች፣ የጣና ውሃ ከ2002 ጀምሮ በዋሻ ወደ በለስ ከተመለሰ ወዲህ በአመዛኙ የሚሽከረከሩበትን ውሃ ያጡ ናቸው።

ስለዚህ መመሪያው ምንም ቢል፣ አማካይ ፍሰት ብቻውን ለእንደኛ ያለች ማመንጫ ዋጋ የለውም። መለካት ያለበት በመጋቢትና በሚያዝያ ነው፤ አማካዩ የተጠየቀ እንደሆነም ዝቅተኛውን ከጎኑ ጽፎ ማስፈረም ይገባል። ብርቱካኑንም ትቼዋለሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ 90 ዲግሪ ባለ ሦስት ማዕዘን አፍ ያለው ላሜራ አስቆርጬ ቦዩ ላይ ተከልሁ፤ በዚህ አፍ የሚያልፈው ውሃ ቁመቱ 23 ሳንቲሜትር ሲሆን፣ ፍሰቱ በሰከንድ 35 ሊትር ያህል ነው። በዚያ ሚያዝያ ያገኘሁት ይህንኑ ነበር፤ 3 ኪሎ ዋት እንኳ አይሞላም።

ከውሃ አባቱ ጋር የደረስንበት ስምምነት ከፈቃዱ ይልቅ ጠቅሞናል። ቀን መስኖው ይጠልፋል፤ ሌሊት ውሃው ወደ እኛ ኩሬ ይለቀቃል። የእርሻ ሥራ በማይሠራባቸው በዓላት ደግሞ ቀኑን ሙሉ እናጠራቅማለን። ለዚህ ሲባል ኩሬው ከደለል መጽዳት አለበት። ብዙዎች ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጥረጉ ይላሉ፤ እኔ ግን ሐምሌና ነሐሴ ጎርፍ በመጣ ቁጥር የታችኛውን በር ከፍቼ ጭቃውን በራሱ በጎርፉ አስወጣዋለሁ፤ መስከረም ላይ የደረቀ ደለል በአካፋ ማውጣት የሰው ጉልበት መጨረስ ነው።

ፈቃዱ በትክክለኛው ቁጥር እንዲስተካከል ያቀረብሁት ማመልከቻ አንድ ዓመት አልፎት መልስ አላገኘም። ዘንድሮ በሚያዝያ አጋማሽ ከውሃ አባቱ ጋር አብረን ለካን፤ ቁመቱ 21 ሳንቲሜትር ነበር። በዚያው ዕለት ሁለተኛውን ወፍጮ እስከ ሰኔ ዘጋን፤ የጤና ኬላውን መስመር ከሌሎቹ ለይተን አስቀደምን፤ ቁጥሩንም በኮሚቴው መዝገብ ላይ ጽፌ እሳቸው በጣታቸው ፈረሙበት።